ሂስ አጻጻፍ፦ ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ የተሰጡ አስተያየቶች

ተማሪዎች፣ ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ስለ ሂስ አጻጻፍ ትማራላችሁ። ሂስ አንድን የጥበብ ሥራ በሚገባ መርምሮ፣ ጥንካሬውንና ድክመቱን በማስረጃ እያመለከተ ፍርድ የሚሰጥ ጽሑፍ ነው። ብዙዎቻችሁ ሂስ ሲባል ነቀፋ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን ምክንያቱ እስከ ታየ ድረስ ማመስገንም ሂስ ነው።

ስለ ልብ ወለድና ስለ ተውኔት ሂስ ለመጻፍ የሚያገለግሉ ቃላት በቋንቋችን አሉ። ለምሳሌ «መቼት» የሚለው ቃል «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተበጀ ነው። ገጣሚውና የተውኔት መምህሩ ደበበ ሰይፉ እንዲህ ያሉ የሙያ ቃላትን ለአማርኛ በማበጀት ስሙ ይነሣል። ለቪዲዮ ጨዋታ ግን እንዲህ የተደላደለ የሂስ ቃል ገና አልተበጀም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችሁ ከመጽሐፍ ይልቅ አዘውትራችሁ የምትነጋገሩት ስለ ጨዋታ ስለሆነ፣ ባለን ቃል ተጠቅመን በእርሱ እንለማመድ። ለዚህም «ዴድ ሴልስ» የተባለውን ጨዋታ መርጠናል።

ሀ. የጨዋታው ምንነት

ዴድ ሴልስን የሠራው በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ የሚገኘው ሞሽን ትዊን ነው፤ ሠራተኞቹ እኩል ደመወዝ የሚከፈላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ጨዋታው ገና ሳያልቅ በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ለሽያጭ ቀርቦ፣ ተጫዋቾች በሚሰጡት አስተያየት እየታረመ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። የተጠናቀቀው ነሐሴ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ወጣ። በኋላም በእጅ ስልክ የሚሠራ ሆኖ ተዘጋጀ።

ጨዋታው ባለ ሁለት አውታር ነው፤ ይኸውም እንደ ግድግዳ ሥዕል ወርድና ቁመት እንጂ ጥልቀት የለውም። ባለታሪኩ ራስ የሌለው የእስረኛ ሬሳ ነው። አንዲት የሕዋሳት ጓል ተስባ መጥታ በአንገቱ ላይ ስትቀመጥ ይነሣል። ከእስር ቤቱ ወጥቶ በአንዲት በሽታ ያጠፋት ደሴት ውስጥ እየተዋጋ ያልፋል። ከሞተ የያዘውን መሣሪያና ወርቅ አጥቶ እንደገና ከእስር ቤቱ ይጀምራል። በተመለሰም ጊዜ የየሥፍራው መተላለፊያ እንደ አዲስ ተዘበራርቆ ይጠብቀዋል። «ሴል» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሕዋስም የእስር ክፍልም ማለት ስለሆነ፣ የቅኔ ሊቃውንቶቻችን ርእሱን ቢያዩት ኅብር አለበት ባሉ ነበር።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ «ሮግላይት» ይባላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ከተሠራው «ሮግ» ከተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። በሮግ የሞተ ሰው ሁሉን ያጣል። በሮግላይት ግን ከሞት በኋላ የሚተርፍ ጥቂት ነገር አለ። በዴድ ሴልስ ተጫዋቹ የሰበሰባቸውን ሕዋሳት በየሥፍራው መካከል ለሚቆመው ሰብሳቢ አስረክቦ ከሆነ፣ በዚያ ያገኘው ጥቅም ሞት አይነካውም። ሳያስረክብ ከሞተ ሕዋሳቱም አብረውት ይጠፋሉ።

ለ. ሐያስያን ምን አሉ?

አብዛኞቹ ሐያስያን ጨዋታውን አመስግነዋል። ያመሰገኑትም በተለይ ውጊያውን ነው። ባለታሪኩ ሲዘል፣ ሲንከባለልና ሲመታ እጅ ያዘዘውን ሳይዘገይ ይፈጽማል፤ መሣሪያዎቹም በስም ብቻ ሳይሆን በአያያዝ ይለያያሉ። ሥዕሉም ተወድሷል። የነቀፉት ደግሞ ድግግሞሹን፣ ጥሩ መሣሪያ ማግኘት በዕድል ላይ መመሥረቱን፣ የታሪኩንም መሳሳት ጠቅሰዋል። ታሪኩ በየክፍሉ ከተጣሉ ደብዳቤዎችና ሬሳዎች ተለቃቅሞ የሚገኝ እንጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ልታስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። አመስጋኙም ነቃፊውም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ተጫዋቹ ሲሞት ወደ መጀመሪያው እንደሚመለስ ያውቃሉ። አንዱ ይህን መማሪያ ይለዋል፤ ሌላው ድካም ይለዋል። እንግዲህ በሂስ ውስጥ መረጃና ፍርድ የተለያዩ ናቸው። መረጃውን ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ፍርዱ ግን የጸሐፊው ስለሆነ ኃላፊነቱም የእርሱ ነው።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ፦ «ምንም እንኳ»

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንብቡ።

ምንም እንኳ ጨዋታው ቢደጋገምም፣ ውጊያው አይሰለችም።
ምንም እንኳ ውጊያው ባይሰለችም፣ ጨዋታው ይደጋገማል።

በሁለቱም ውስጥ ያለው መረጃ አንድ ነው። ፍርዱ ግን ተገለባብጧል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ አንባቢ ይዞት የሚሄደው ከማሰሪያው ጋር ያለውን ሐሳብ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ጨዋታውን ወዶታል፤ ሁለተኛው ግን ጠግቦታል። ስለዚህ ሂስ ስትጽፉ የምታምኑበትን በዋናው ሐረግ፣ የምትፈቅዱለትን ወይም የምታልፉለትን ደግሞ በጥገኛው አስቀምጡ። «ምንም እንኳ» ብሎ የጀመረ ሰው «ግን» ብሎ መድገም አያሻውም፤ «ምንም እንኳ ቢከብድም ግን ያስደስታል» ማለት አንድን ሸክም በሁለት ትከሻ መሸከም ነው።

መ. የራስ ፍርድና የሰው ፍርድ

ጨዋታው በወጣ ሰሞን አይ ጂ ኤን በተባለው የታወቀ የጨዋታ መገናኛ አንድ የምስጋና ሂስ ወጥቶ ነበር። ወዲያው ቡምስቲክ ጌሚንግ የተባለ አነስተኛ የዩቲዩብ አዘጋጅ ሂሱ ከእርሱ እንደ ተወሰደ አመለከተ፤ የሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን አድርጎ አሳየ። ቃላቱ እዚህም እዚያም ተለውጠዋል፤ የሐሳቡ ቅደም ተከተል ግን ያው ነበር። አይ ጂ ኤን ጽሑፉን አንሥቶ ሐያሲውን ከሥራ አሰናበተ፤ ጨዋታውንም ሌላ ሰው እንደ አዲስ እንዲመረምረው አደረገ።

የተወሰደው አስተያየት ሐሰት አልነበረም። ጨዋታው ጥሩ ነው ማለት ብዙዎች የተስማሙበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ አንባቢው ሂስ የሚያነበው የጸሐፊው እጅና ዐይን ሥራውን ሲገናኙ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ስለሆነ፣ በተወሰደ ቃል ተታሏል። የሌላውን ሰው ሐሳብ መጥቀስ አይከለከልም፤ «እንደ እገሌ አባባል»፣ «እገሌ እንዳመለከተው» እያሉ ባለቤቱን መግለጽ ግዴታ ነው።

ሠ. በአፍ ያለው ሂስ

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያስተምር በነበረበት ጊዜ ወደ ቤቱ የሚሄደው በካዛንቺስ በኩል ነበር። (ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሠራው ድርጅት ስም ነው።) በመንገዱ ላይ አንድ የፕሌስቴሽን ቤት ነበረ። ልጆቹ የኳስ ጨዋታ ተራ እስኪደርሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዴድ ሴልስን በአንድ ስልክ ይጫወቱ ነበር። የሞተ ስልኩን ለቀጣዩ ያስረክባል። አንድ ቀን የሰማሁት ክርክር እንዲህ የሚል ነበር።

«እሷን ጎራዴ ተዋት፤ ከባድ ናት። አንተ እስክታነሣት እሱ ሁለቴ ይመታሃል።»
«ታዲያ ጋሻ ልያዝ? ጋሻ የፈሪ ነው።»
«ፈሪስ ሸሽቶ የሚሞተው ነው። በሰዓቱ ካነሣኸው እኮ የመታህ ራሱ ይደነዝዛል።»

ከተከራካሪዎቹ አንዱ ተማሪዬ ነበር። በሳምንቱ ስለሚወዱት ጨዋታ ሂስ እንዲጽፉ ባዘዝሁ ጊዜ ያመጣልኝ ከዚህ ብዙ የማይለይ ነበር።

«ዴድ ሴልስ በጣም ምርጥ ጨዋታ ነው። ሥዕሉ በጣም ያምራል። ሙዚቃውም በጣም ደስ ይላል። ሁሉም ሰው ይወደዋል።»

ጎራዴዋ የት ሄደች? ጋሻውስ? ደጃፍ ላይ የመሣሪያን ክብደት ከጊዜ ጋር አመዛዝኖ የፈረደ ልጅ፣ ወረቀት ሲይዝ ሦስት ጊዜ «በጣም» ብሎ ዝም አለ። መልካም ሂስ እንደ ነበረው አላወቀም፤ ማንም አልነገረውምና። ጥፋቱ በከፊል የእኛ የመምህራን ይመስለኛል። ቁም ነገር የሚጻፈው በሌላ፣ ከአፋችን በራቀ ቋንቋ ነው ብለን ያስለመድናቸው እኛ ነን።

ያ ቤት ዛሬ የለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ለመልሶ ልማት ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ከእነዚያ ተዛዋሪዎች በአንዲት ተማሪ አንደበት፣ ለዚህ ትምህርት ሲባል የተዘጋጀ ነው።

«ሐያስያን ጨዋታውን ከሚያመሰግኑበት ነገር አንዱ መንገዱ በየጊዜው መለዋወጡ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሠላሳ ጊዜ ያህል ሞቼ ጀምሬአለሁ። ጠላቶቹን ለይቻለሁ፤ ከመምታታቸው በፊት ከራሳቸው በላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ብልጭ ይላል፤ ያን ጊዜ እንከባለላለሁ። ቦታውን ግን አንድም ቀን አላወቅሁትም። ትናንት መሰላል የነበረበት ዛሬ ገደል ነው። ቤታችን ፈርሶ ወደ ገላን ጉራ በሄድን ጊዜ ከሱቅ ስመለስ መንገድ ይጠፋብኝ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ለመድሁት። ጨዋታው መልመድን አይፈቅድም። ምንም እንኳ ውጊያው እጅን ቢያሠለጥንም፣ ቦታን የማወቅን ደስታ ይነሣል።»

በዚህ ፍርድ የማይስማማ ሰው ይኖራል። አዘጋጁም ሙሉ በሙሉ አይስማማም፤ «አንድም ቀን» የሚለው ተጋኗል። መተላለፊያዎቹ ይለዋወጡ እንጂ እስር ቤቱ ምንጊዜም የመጀመሪያው ሥፍራ ነው፤ የየሥፍራው መልክም አይለወጥም። ተማሪዋ ይህን ብታነሣና ብትመልስ ሂሷ ይጠነክር ነበር። ሆኖም የምንከራከራት የምንይዘው ነገር ስለ ሰጠችን ነው። የራሷንም ታሪክ ያነሣችው በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ፍርዷን ለማስረዳት በሚበቃ መጠን ነው። ከዚያ ቢረዝም ጽሑፉ ሂስ መሆኑ ቀርቶ ግለ ታሪክ ይሆን ነበር።

መልመጃ

1. «በጣም ምርጥ ጨዋታ ነው» የሚለውን አንቀጽ፣ «በጣም» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ፣ ደጃፍ ላይ የተሰማውን ክርክር በማስረጃነት አስገብታችሁ እንደገና ጻፉ። «ምንም እንኳ» አንድ ጊዜ ይግባበት።

2. ስለ መንገዱ መለዋወጥ የተጻፈውን አንቀጽ የሚቃወም አንድ አንቀጽ ጻፉ። ስትቃወሙ የተማሪዋን ሐሳብ በቅድሚያ በትክክል ጥቀሱ፤ ባለቤቱንም ግለጹ።

3. ከጓደኛችሁ ጋር ስለምትጫወቱት አንድ ጨዋታ ስትከራከሩ የተናገራችሁትን፣ ቃሉን ሳታሳምሩ በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። ጨዋታው ገበጣም ሊሆን ይችላል። ማስታወሻውን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይዛችሁ ኑ፤ በእርሱ ላይ ተመሥርተን ሙሉ ሂስ እንጽፋለን።