ቢትኮይን ኮርን ከብሎክቼይን ጋር የማመሳሰል አሠራር

ቢትኮይን ኮር የተባለው ዋሌት ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጣቸው ዋና ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ጀምሮ የተከናወኑት የቢትኮይን ግብይቶች መዝገብ በሙሉ (ብሎክቼይኑ) ሲሆን መጠኑ ከ600 ጊጋባይት ያልፋል። ሌላው የባለቤቱን የግል ቁልፎች የያዘ ትንሽ ፋይል ነው። መዝገቡ ቢጠፋ ከኢንተርኔት እንደገና ይወርዳል፤ ቁልፉ ከጠፋ ግን ገንዘቡን የሚያስመልስ አካል የለም።

ሥራው የሚጀምረው ቦታ ከማዘጋጀት ነው። ፕሮግራሙ ከራሱ ድረ ገጽ ይወርድና ዲጂታል ፊርማው ትክክለኛ መሆኑ ይረጋገጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ዳታው የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃል። አንድ ቴራባይት ኤስኤስዲ ቢመረጥ ይሻላል፤ ፕሮግራሙ እየደጋገመ ጥቃቅን መረጃ ስለሚያነብና ስለሚጽፍ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሥራው እጅግ ይጓተታል። ቦታ ለሌለው «ፕሩን» የሚባለው ምርጫ አለ፤ የተመረመሩ አሮጌ ብሎኮችን (የመዝገቡን ክፍሎች) እየሰረዘ የቅርቦቹን ብቻ ያስቀራል። ይሁንና መዝገቡ በሙሉ መውረዱ ስለማይቀር የኢንተርኔት ወጪን አይቀንስም።

ቀጥሎ ማመሳሰሉ ይጀመራል። ዋሌቱ ከሌሎች ኖዶች (የቢትኮይን መረብ ውስጥ ካሉ ኮምፒውተሮች) ጋር ይገናኝና በቅድሚያ እያንዳንዳቸው 80 ባይት የሆኑትን የብሎክ ራስጌዎች ያወርዳል። የሰንሰለቱን አቅጣጫ በእነዚህ ካወቀ በኋላ ብሎኮቹን ከብዙ ኖዶች በአንድ ጊዜ ይቀበላል፣ የቢትኮይንን ሕግ መጠበቃቸውን ይመረምራል፣ «ብሎክስ» በተባለው ፎልደር ውስጥም እስከ 128 ሜጋባይት በሚደርሱ ፋይሎች ያከማቻል። ገና ያልወጣው ገንዘብ ዝርዝር ደግሞ «ቼይንስቴት» በተባለው ፎልደር ውስጥ በየብሎኩ ይታደሳል። አንድ ክፍያ ሲመጣ የሚገላበጠው ይህ ዝርዝር እንጂ የዓመታቱ መዝገብ አይደለም። ማመሳሰሉ እስኪያልቅ ድረስ ቀሪ ሂሳቡ ጎድሎ ወይም ዜሮ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ገንዘቡ ግን አልጠፋም፣ ዋሌቱ ክፍያው ያለበት ብሎክ ላይ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት ፕሮግራሙን በወጉ መዝጋት ያስፈልጋል። ድንገት መብራት ሲሄድ ቼይንስቴት ሊበላሽ ይችላል። ያን ጊዜ «ሪኢንዴክስ» በሚለው ትእዛዝ ዝርዝሩ ካሉት ብሎኮች እንደገና ይሠራል፤ ፕሩን የተመረጠ ከሆነ ግን ሁሉም ነገር እንደ አዲስ መውረድ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ የኃይል ምንጭ) መግጠም ያዋጣል።

ከቢትኮይን ኮር በተለየ የሞባይል ዋሌቶች አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡን አያስቀምጡም፤ ቀሪ ሂሳቡን ከሰርቨር ይጠይቃሉ። ቶሎ ይከፈታሉ፣ ነገር ግን በሌላ ሰው መልስ መተማመን ግድ ይላል።

በመጨረሻም የቢትኮይን ኮር ዋሌት በጠንካራ የይለፍ ሐረግ ይቆለፋል። ከዚያም ከፋይል ሜኑ የመጠባበቂያ ቅጂ ተወስዶ ከኮምፒውተሩ ውጭ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ቅጂ የሚያስፈልገው ለቁልፉ ፋይል ነው። ለብሎክቼይኑ አያስፈልግም፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ኖዶች ይዘውታል።