የእግር ጉዞ መሪ አመራረጥ፤ ከቤተ ልሔም መንገድ የሚገኝ ትምህርት

ቡና ወይም ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ ናሙናውን ሳያይ፣ ሚዛኑን ሳያረጋግጥ፣ ውሉንም ሳያነብ ገንዘቡን አይከፍልም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ወደ ውጭ አገር ለተራራ ጉዞ ሲነሣ፣ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ደንበኛውን አገር ለማስጐብኘት ሲያስብ፣ ባማረ ሥዕልና በዝቅተኛ ዋጋ ተስቦ ቀብድ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። የተበላሸ ሸቀጥ ተመልሶ ሊለወጥ ይችላል፤ በገደል መንገድ ላይ የታመመ እንግዳ ግን በሌላ አይተካም። ስለዚህ ጉዞ መግዛት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ጥሩ መሪ መግዛት ማለት መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ለዚህ ጉዳይ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም መልካም ምሳሌ ናት። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ ከየአገሩ የሚነሡ የዜማ ተማሪዎች ለብዙ ትውልድ በእግራቸው ሲመላለሱባት ኖረዋል። ነገር ግን ቶማስ ፓክንሃም የተባለው ጸሐፊ በ1955 እ.ኤ.አ. በበቅሎ ተጉዞ እስኪደርስባት ድረስ፣ በክቡ የሣር ክዳን ሥር የተሰወረው ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ አልነበረም። ጉዞውንም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። እንግዲህ ለባዕድ ሰው አዲስ ግኝት የሆነው ስፍራ ለድጓ ተማሪ የዘወትር መንገድ ነበር። የመሪ ዋጋው ካርታ በማንበቡ ብቻ ሳይሆን መንገዱንና የመንገዱን ሰው በማወቁ ነው።

ከዚህ በመነሣት፣ ጉዞው በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር፣ ገዢው የሚከተሉትን ነጥቦች መመርመር አለበት።

አንደኛ፤ መሪው ማን ነው? አስጐብኚው ድርጅት ስሙ የታወቀ ቢሆንም፣ ከእንግዳው ጋር የሚሄደው ድርጅቱ ሳይሆን አንድ ሰው ነው። ስለዚህ የመሪው ስም፣ ፈቃዱ፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርቱ፣ በዚያው መንገድ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰና ስንት እንግዳ በአንድ ጊዜ እንደሚመራ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቅርብ ጊዜ አብረውት የሄዱትን ሰዎች ማነጋገርም ናሙና እንደ ማየት ይቆጠራል።

ሁለተኛ፤ ከፍታውና የቀኑ ብዛት እንዴት ተመዛዝኗል? በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ መንገደኛ የማደሪያውን ከፍታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። የኪሊማንጃሮ ተራራ 5,895 ሜትር ነው፤ ይህን በጥቂት ቀን አስወጥቼ እመልሳለሁ የሚል ሻጭ ዋጋውን የቀነሰው ከእንግዳው ጤና ላይ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘውን ሰው «በርታ» ብሎ ከፍ ወዳለው ስፍራ የሚወስድ መሪ መሪ አይባልም። ጥሩ መሪ ያሳርፋል፤ ሕመሙ ከባሰም ሳይዘገይ ወደ ታች ያወርዳል።

ሦስተኛ፤ ዋጋው ምን ምን ያጠቃልላል? አንዱ ሻጭ ለአምስት ቀን ጉዞ 100 ብር፣ ሌላው 80 ብር ጠየቀ እንበል። ሁለተኛው የበቅሎ ኪራይ፣ ስንቅ፣ ማደሪያና የመግቢያ ክፍያ ለብቻ የሚያስከፍል ከሆነ፣ ርካሽ መስሎ የታየው በመጨረሻ ከ100 ብር ሊበልጥ ይችላል። ከጋይንት ጋር በሚዋሰነው በመቄት በ1990ዎቹ ዓ.ም. የገበሬ ማኅበረ ሰቦች የእግር መንገደኞችን መቀበል ሲጀምሩ፣ መሪው፣ ምግቡ፣ ማደሪያውና የጭነት አህያው በአንድነት የሚሰናዱበት አሠራር ነበራቸው። እንዲህ ያለው የተጠቃለለ ዋጋ ለማወዳደር ይመቻል።

አራተኛ፤ ወቅቱና ጸጥታው ይፈቅዳልን? በጋይንት ደጋ የክረምቱ ዝናም መንገዱን ያጨቀያል፣ ወንዙንም ይሞላል፤ ለእግረኛ የሚመቸው ከጥቅምት ወዲህ ያለው በጋ ነው። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ መታወጁን አንባቢ ያስታውሳል። ስለዚህ ማንም ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ባለ ሥልጣንና ከነዋሪው ሊረዳ ይገባዋል። «ምንም ችግር የለም» ብሎ ሳያጣራ የሚመልስ ሻጭ ሊታመን አይችልም።

አምስተኛ፤ መሪው የስፍራውን ሥርዓት ያስረዳልን? ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ እንግዳ ጫማውን ያወልቃል፤ ወደ መቅደሱ አይገባም፤ ካህናቱን ሳያስፈቅድም ፎቶግራፍ አያነሣም። የጾም ቀን ከሆነ በመንገድ ላይ ሥጋና ወተት ማግኘት እንደሚያስቸግር አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ይህን ያልተነገረው እንግዳ ሲያሳፍር፣ የሚያፍረው ጋባዡ ነጋዴ ነው።

ስድስተኛ፤ ውሉ ምን ይላል? ጉዞው በሕመም፣ በጸጥታ ወይም በአየር ጠባይ ቢቋረጥ ከቀብዱ ምን ያህል እንደሚመለስ በጽሑፍ መስፈር አለበት። የታመመውን ሰው ማን፣ በምን፣ ወደ የትኛው ሐኪም ቤት እንደሚያደርሰውም ይጻፍ። ብዙ የመንገደኛ የመድን ውሎች ከተወሰነ ከፍታ በላይ የሚደረግን ጉዞ ስለማይሸፍኑ፣ ውሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይጠቅማል። ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይያዝ።

እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ገዢ ሻጩን ያስቀይማል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም። ሥራውን የሚያውቅ አስጐብኚ ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል፤ የሚሸሸው መልስ የሌለው ነው። ጋባዡ ነጋዴም ቀብዱን ቢያጣ ሠርቶ ይተካዋል፤ በእርሱ ስም ተማምኖ የመጣ ደንበኛ በመንገድ ቢጐዳበት ግን ያ እምነት በቀላሉ አይመለስለትም።