ከሸንኮራ አገዳ ትራፊ ስለሚሠራ ቀላል ሳንቃ

ለሳንቃ የሚቈረጥ ዛፍ መልሶ እስኪያድግ ብዙ ዘመን ይፈጃል፤ ስለዚህ ከፋብሪካ ትራፊ ሳንቃ የሚሠራበትን ጥበብ ማወቅ ይገባል። ሸንኮራ አገዳ ስኳሩ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ ባጋስ የሚባል ቃጫ ይተርፋል፤ ርጥቡ ሲመዘን ከመቶው 30 እጅ ያህል ነው። በጃዊ ወረዳ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ይገኛል። ባጋስ አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ ምድጃ ይነዳል፤ ነገር ግን በአሜሪካ አገር በሉዊዚያና ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየታጠበና እየተጨመቀ የግድግዳ ሳንቃ ሆኖ ተሠርቷል። በቃጫው መካከል አየር ስለሚቀር ሳንቃው ቀላል ነው፤ ሙቀትንና ብርድንም ይከለክላል። ሆኖም ስኳሩ በደንብ ካልታጠበ ይበሰብሳል፤ ከዝናብም ሊጠበቅ ይገባል።

መልመጃ፦ መምህሩ በመጠን እኩል የሆኑ ሁለት ጡቦች፥ አንዱን ከጭቃ ብቻ፥ ሁለተኛውን ብዙ ጭድ ከገባበት ጭቃ አሠርቶ፥ ከደረቁ በኋላ ያስመዝን። የትኛው ይቀላል? ስለ ምን?