የታመመውን እግር ማቆም የምእመናን ግዴታ ነው

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ጊዜ እነርሱም እንዲሁ እንዲያደርጉ አዘዛቸው። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ሥርዐት በየዓመቱ ትፈጽማለች። ነገር ግን በቀሩት ቀኖች ማንም ሊነካው የማይወደው እግር አለና፥ ዛሬ ስለ እርሱ ልንናገር ወደድን።

በወላይታ፥ በሶዶ ዙሪያ ቀይ አፈር ባለባቸው ቀበሌዎች፥ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት ይገኛል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። መንሥኤው ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው የቀይ አፈር ረቂቅ ቅንጣት ነው። ይኸውም እንሰቱንና በቆሎውን በባዶ እግሩ ሲኰተኵት በሚውለው ገበሬ ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ይጐዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰዎች ከ5 የሚበልጡት ታመው መገኘታቸውን ገለጠ፤ በ2006 የወጣ ሌላ ጥናትም ታማሚው ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አስረዳ።

ከደዌው ይልቅ የሚያቈስለው ግን መገለል ነው። ይጋባል፥ ወይም የወላጆች ኃጢአት ቅጣት ነው የሚሉ ስላሉ፥ ታማሚው ከሠርግና ከማኅበር፥ አንዳንድ ጊዜም ከቅዳሴ ይቀራል። በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤተ ሰብ ተደጋግሞ የሚታየውም ለአፈሩ የመጋለጥ ጠባይ በዘር ስለሚወረስ ነው እንጂ በርግማን አይደለም። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፥ ምክንያቱ የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት አለመሆኑን አስተምሯል።

ሕክምናው ከአቅም በላይ አይደለም። በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፥ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ፥ አድርቆ ቅባት መቀባት፥ እብጠቱን በፋሻ መጠቅለል፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ የተቋቋመው ሞሲ ፉት የተባለው ማኅበር ይህን ሲያስተምር፥ ከዚያው ደዌ የተሻላቸውን ሰዎች አሠልጥኖ አስተማሪዎች አደረጋቸው። ትናንት እግሩን ሸፍኖ ይቀመጥ የነበረው ሰው የመንደሩን ሰዎች እግር እንዴት እንደሚታጠብ አሳየ። ለእብጠቱ የሚስማማ ሰፊ ጫማም በሶዶ ተሰፋ፤ ስፌቱን የተማሩት ሕሙማን እንጀራቸውን አገኙበት።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። በመቅደስ ደጅ የተቀመጠው ሽባ ከቅዱስ ጴጥሮስ የለመነው ገንዘብ ነበረ፤ የተቀበለው ግን መቆምን ነው። ምጽዋት መልካም ነው፤ ነገር ግን በደጀ ሰላም የሰጠነው ሳንቲም ሰውየውን ነገም እዚያው ያገኘዋል። የሚያቆመው ምሕረት እጅን ይዞ ወደ ሥራውና ወደ ወገኑ የሚመልሰው ነው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት ምድር ወንጌልን እንደ ሰበኩ፥ በጸሎት ብዛትም እግራቸው እንደ ተሰበረ ገድላቸው ይነግረናል፤ ጥር 24 ቀንም ስባረ ዐፅማቸውን እናከብራለን። እግሩ የተሰበረውን ጻድቅ ሥዕል እየተሳለምን፥ እግሩ የታመመውን ወንድማችንን ከማኅበር ጽዋ ማራቅ እንዴት ይቻለናል?

ስለዚህ አንደኛ፥ የንስሐ አባቶች በሽታው ርግማን አለመሆኑን ያስተምሩ፤ ጸበል የሚጠመቀውንም ሳሙናና ሐኪም እንዳይተው ይምከሩት፤ እምነት ሕክምናን አይከለክልምና። ሁለተኛ፥ ሰንበቴውና ዕድሩ ሳሙና፥ ፋሻና ጫማ የሚገዛበትን ጥቂት ገንዘብ ይመድቡ፤ ሕፃናት ሳይታመሙ ጫማ እንዲያደርጉም ይርዱ። ሦስተኛ፥ ቆሞ መዋል ለማይችለው ተቀምጦ የሚሠራው የእጅ ሥራ፥ እንደ ልብስና እንደ ጫማ ስፌት ያለ፥ ይፈለግለት፤ የሠራውንም በተገቢው ዋጋ እንግዛው። በማኅበሩም ተራው ሲደርስ ድግሱን ይደግስ፥ እንደ ማንኛውም አባል ይምከር እንጂ ተመጽዋች ብቻ ሆኖ አይቈጠር።

እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ የጸሎተ ሐሙስ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።