የተማሪው ቦርሳና የልጁ ጀርባ



ከቀለም ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ መድረሳ የሚመጡ ልጆች የሁለቱንም መጻሕፍት በአንድ ቦርሳ አጭቀው፣ ጎንበስ ብለው ሲገቡ ዘወትር እመለከታለሁ።

የጤና ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚመክሩት ሸክሙ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳያልፍ ነው፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ልጁን ከነቦርሳውና ያለ ቦርሳው መዝኖ ልዩነቱን ማወቅ ይቻላል። ሁለቱም ማንገቻዎች ይታንገቱ፤ ከባዱ መጽሐፍ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ የዕለቱ ያልሆነ ደብተር ቤት ይቅር። ለየቲሞች ቦርሳ የምትገዙ ወገኖችም «ያድግበታል» ብላችሁ ከልክ ያለፈ ትልቅ አትምረጡ፤ ትልቅ ቦርሳ ባዶውን አይውልምና።

ይሁን እንጂ የጀርባ ሕመም ሁሉ ከቦርሳ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ቦርሳ ለሕመሙ መንስኤ ስለመሆኑ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ስለሆነም ሸክሙን አቅልሎ ዝም ማለት አይበቃም። ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትኩሳት ወይም የእግር መደንዘዝ ያለበት ከሆነ ልጁ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። የቲም ልጅ አሳዳጊውን ላለማስቸገር ሕመሙን ሊደብቅ ይችላልና፣ እርሱ እስኪናገር ሳትጠብቁ ቀድማችሁ ጠይቁት።