የታመመችን ዶሮ በጊዜ መለየት

ደካማዋን ሌሎቹ ይነቁሯታልና ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ስለዚህ ማለዳ ከቆጥ ስትወርድ መመልከት ይገባል። ጤነኛዋ ፈጥና ወርዳ መሬት ትጭራለች፤ የታመመችው ላባዋን ነፍታ፣ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ለብቻዋ ትቆማለች። አረንጓዴ ቅዘን፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስና የአንገት መጣመም ከታከለበት ፈንግል መሆኑን መጠርጠር ያስፈልጋል። ፈንግል በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆጡን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ማዳኛ የለውም፤ ብዙዎች የሚሰጡት የቴትራሳይክሊን እንክብል ቫይረሱን አይገድልም። «ሳትሞት ልሽጣት» ብሎ ገበያ ማውጣት ደግሞ በሽታውን ለሌላው ቤት ማደል ነው። የታመመችውን መለየት፣ የሞተችውን አርቆ መቅበር፣ ከገበያ የመጣችውን 2 ሳምንት ለብቻ ማቆየት ይገባል። ክትባት የሚጠቅመው ከበሽታው በፊት ነው። ሙቀት የሚችለው ዓይነት በዓይን 1 ጠብታ ይሰጣል፤ በየ3 ወይም በየ4 ወሩም ይደገማል። ዶሮ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረው በበዓል ሰሞን ስለሆነ ከፋሲካ ገበያ 3 ሳምንት ቀድሞ ማስከተብ ይመረጣል።