አበላችን፣ ሐላላችንና የሰቆጣ ገበታ



ሴሚስተሩ ሲያልቅ ብዙዎቻችን ለተግባር ልምምድ፣ ለመስክ ሥራ ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ ለመሰብሰብ ከግቢ እንወጣለን። ከምንሄድባቸው ቦታዎች መካከል ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ወረዳዎች ይገኙበታል። አበሉ ትንሽ ነው፤ ሥራው ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል፤ የአካባቢው ሕዝብ በአብዛኛው ክርስቲያን ስለሆነ የሙስሊም ሥጋ ቤት በየገጠር ከተማው አይገኝም። ስለዚህ አንዳንዱ በብስኩትና በሻይ ይሰነብታል፤ ሌላው ደግሞ መረጃ የሚሰበስብበት ገበሬ ቤት ላይ ይወድቃል። ሁለቱም አያዋጡም። በዚያው አገር በርካሽ የሚገኘው እህልና ጥራጥሬ ሐላልም ነው፣ ገንቢም ነው። የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ እሱንም አስቀድመን ማሰናዳት እንችላለን።

ጉዳዩ ለምን ይከብዳል?

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማስቀረት የገባው ቃል “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ይባላል። ስሙን ያገኘው ከዚችው ከተማ ነው። ዋግ ድርቅ ደጋግሞ የጎበኘው፣ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት የሚታገዝበት አገር ነው። በተለይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ያልደረሰበት ነው። በዚህ ወቅት አንዲት እናት ለእንግዳ የምታቀርበው እንጀራ ከልጆቿ ድርሻ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል። ድሃ ነኝ ብላ ግን እንግዳ አትመልስም። ስለ ልጆች አመጋገብ ልንጠይቅ ሄደን የልጆቹን ምግብ በልተን እንዳንመለስ ልናስብበት ይገባል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንግዳን ማክበርን እንዳዘዙ ሁሉ፣ እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር ድረስ እንዳይቆይ ከልክለዋል።

ከሥጋ ውጭ ምን አለ?

ሥጋን በተመለከተ የሀገራችን ሙስሊም ልማድ የሙስሊም እርድ መብላት ነው። ይህ ግን ገበታውን ባዶ አያደርገውም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ድንች፣ እንቁላልና ማር እርድ አይፈልጉም። ከተከዜ የሚወጣ ዓሣ ገበያ ላይ ከተገኘም እንደዚሁ ነው።

ምግብ ቤት ስንገባ “የጾም ነው ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይጠቅመናል። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ወቅት አብዛኛው ምግብ ቤት ሥጋና የሥጋ መረቅ የሌለበት ወጥ ይሠራል። በሌላው ቀን ግን ሽሮው ሥጋ በተሠራበት ድስት ተሠርቶ እንደሆነ፣ ጭልፋውም የጋራ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። አዋዜንም አንርሳ፤ አንዳንዱ በጠጅ ወይም በአረቄ ይለወሳል።

ሽሮና እንጀራ በቂ ነው ወይ?

ከሞላ ጎደል አዎ። ጤፍ፣ ማሽላና ገብስን የመሳሰሉ እህሎች ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ እሱ አለው። ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የሊጡ መቡካትም በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነታችን በተሻለ ሁኔታ እንዲደርስ ይረዳል። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ከወጡ ጋር ብንበላ የጥራጥሬው ብረት ይበልጥ ይወሰዳል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚያስቀሩት ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ ይሻላል። በዚህ ላይ በሁለት ቀን አንድ እንቁላልና ጥቂት ጎመን ከታከለበት ለእግረኛ ሠራተኛ ጥሩ ምግብ ነው። የማሽላ እንጀራ ብዙ ጊዜ ከጤፉ ስለሚረክስ እሱን ከመልመድ አንቦዝን።

ከቤት የሚያዝ ስንቅ

በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ምጥን ሽሮ፣ በርበሬና ተምር አይበላሹም፤ ብዙ ቦታም አይዙም። ሥጋ የሚያምረን ከሆነ መፍትሔው ከቤት የተሠራ ቋንጣ ነው። በደንብ የደረቀና እርጥበት ያላገኘው ቋንጣ ብዙ ቀን ይቆያል፤ በድርቆሽ ሲፈረፈርም አምስት ሰው ያጠግባል።

የጋራ ድስት ስሌት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህ ለኪስም እውነት ነው፤ አምስት ሰው ለየብቻው ሲበላ ከሚያወጣው፣ አንድ ድስት ጥዶ ሲበላ የሚያወጣው በጣም ያንሳል። አምስት ሆነን ለ10 ቀን ብንወጣ በግምት ይህ ይበቃናል፦

- ለቁርስ በሶ፦ ለአንድ ሰው በቀን 60 ግራም፣ በድምሩ 3 ኪሎ
- ለምሳ ምስር ወይም ክክ፦ ለአንድ ሰው 60 ግራም፣ በድምሩ 3 ኪሎ
- ለእራት ሽሮ፦ ለአንድ ሰው 50 ግራም፣ በድምሩ 2.5 ኪሎ
- ዘይት፦ 1.5 ሊትር
- እንቁላል፦ 25
- እንጀራ፦ በቀን 15፣ እዚያው የሚገዛ

ሽንኩርት፣ ጎመንና ቲማቲም በገበያ ቀን ይገዛሉ፤ እንደደረስን የገበያውን ቀን እንጠይቅ። ገንዘቡን ስናካፍል ለ10 ቀን ሳይሆን ለ12 ቀን እናካፍለው፤ በክረምት መንገድ ሊዘጋ፣ መኪናም ሊቀር ይችላል። ከመካከላችን አንድ ታማኝ ገንዘብ ያዥ መርጠን ወጪው በየማታው ለሁሉም ይነበብ። አበል አማና ነው።

ውሃና ከፍታ

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። ባቄላና ሽምብራ ከዋዜማው ከተዘፈዘፉ ማገዶም ጊዜም ይቆጥባሉ። የምንጠጣውንና በሶ የምንበጠብጥበትን ውሃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ወይም በውሃ ማከሚያ ማከም አለብን። ወተትም ሳይፈላ አይጠጣ። የተቅማጥ መድኃኒት የሚያስወጣን ገንዘብ የስንት ቀን ምሳ እንደሚሆን እናስበው።

ሰው ቤት ስንገባ

ጠላ መቅዳት በደገኛው ቤት የክብር አቀባበል ነው። ፊት ሳናጠቁር “እማማ፣ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ጠላ አንጠጣም፣ ቡና ካለ እንጠጣለን” ብንል ማንም አይቀየመንም። ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች በሆኑበት አገር ለሙስሊም እንግዳ በጉን ወይም ዶሮውን ራሱ እንዲያርድ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ይህን የሚያህል ደግነት ሲገጥመን እናመስግን፤ ቤቱ የሚቸገር መሆኑን ካወቅን ግን ቡናው ይበቃናል ብለን በትሕትና እንለፍ። ባዶ እጅ አለመሄድም ጥሩ ነው፤ ቡና፣ ስኳር ወይም ሳሙና ይዘን እንግባ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቀረበላቸውን ምግብ ነቅፈው አያውቁም፤ ካማራቸው ይበሉ ነበር፣ ካላማራቸው ይተውት ነበር። የማሽላው እንጀራ ሻከረ፣ ወጡ ቀጠነ የሚል ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ።

በመጪው እረፍት የምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ተሰብስባችሁ ስንቁንና ስሌቱን ጨርሱ። አላህ መንገዳችሁን የሰላም፣ ሲሳያችሁን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግላችሁ። አሚን።